ከኤግዚቢሽን የመጣው አዳራሽ

ሰኔ 14 ቀን 1949 ዓ.ም.

ዛሬ የመጨረሻው ብሎን ጠበቀ። አዳራሹ ቆሟል። እኔም ከስንት ወር በኋላ ቁጭ ብዬ ምሳ በላሁ።

ይህ ቤት ከብዙ ጎንደሬ ይልቅ አገር ዞሯል። አዲስ አበባ ላይ ለኤግዚቢሽን ተሠርቶ የየጠቅላይ ግዛቱ ቆዳ ሲታይበት ከረመ፤ ትልልቅ ሰዎች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ተመላለሱበት። ኤግዚቢሽኑ ሲዘጋ ተፈታና ሳንቃውና ብረቱ ሜዳ ላይ ተጣለ። ወሬውን ስሰማ ለሴቶች ትምህርት ቤታችን ማደሪያ ይሁነን ብዬ ልመና ጀመርኩ። የለመንኩት ሰው ብዛት ለራሴም ያሳፍረኛል። በመጨረሻ ሦስት ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪኖች ጭነውት መጡ፤ አንዷ ዓባይ በረሃ ላይ ተበላሽታ ጣሪያው ከግድግዳው በኋላ ደረሰ። በየሳንቃው ላይ ቁጥር ስላለበት ቁጥሩን እየተከተልን ገጠምነው። ከበሩ በላይ «ቆዳና ሌጦ» የሚለው ጽሑፍ እንዳለ ነው። የአውራጃው ትምህርት ሹም አቶ ዋኘው «ይፋቅ እንጂ፣ ልጃገረዶች በሚያድሩበት ቤት ላይ ምን ይባላል?» አሉኝ። ቀለም የሚገዛልኝ ሲገኝ ይፋቃል አልኳቸው።

ሃያ አራት አልጋ ይይዛል። ከአይከልና ከትክል ድንጋይ የሚመጡ ልጆች ከእንግዲህ ለመማር ብለው የሰው ቤት ገረድ አይሆኑም።

ሰኔ 21

ግራዝማች አላምረው ልጃቸውን እንኳየሁን ይዘው ከአይከል መጡ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እስካሁን እዚህ አክስቷ ቤት እያደረች ስትማር ነበር፤ አክስቲቱ በፋሲካ ሞቱ። በስፌት መኪና የምትሠራውን ላየ የሷን እጅ ይስማል። ሒሳብም ከእኔ ትበልጣለች፤ ይህን ለማንም አልናገርም።

ግራዝማች አዳራሹን ዞረው፣ ሳንቃውን በከዘራቸው መታ መታ አድርገው «ሸጋ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ወይዘሮ ሰብለ፣ ልጅቱን የጠየቀኝ ሰው አለ። ቃል አልሰጠሁትም። ማደሪያ አላት ካልሽኝ ትማር። እስከ መስቀል አልጋዋ ላይ ካላየኋት ግን የሰው ልጅ ደጅ አላስጠናም።»

ቃል ገባሁላቸው። ጠያቂው ማን ነው ብዬ ብጠይቅ እድሜው ከሳቸው የሚተናነስ አይደለም።

እኔ በሷ እድሜ ደባርቅ ባል ቤት ነበርኩ። የሰጡኝ አባቴ ናቸው፤ በበቅሎ ሄደው ያመጡኝም፣ ዳዊት ያስደገሙኝም አባቴ ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ ስለማልችል አላስበውም።

ሐምሌ 9

ከሰዓት በኋላ የወረደው በረዶ የሰፈራችንን ደብር ክዳን ገሽልጦ ጣለው። (የታቦቱን ስም እዚህ አልጽፍም። ይህ ደብተር ስድብ ይበዛበታል፤ የእሱ ስም ከስድብ ጋር አይዋልም።)

አለቃ ሐብተ ማርያም ከደብሩ ሽማግሌዎች ጋር በዝናቡ መጡ። ሁሉም በስብሰዋል።

«ልጄ፣ ታቦቱ ውኃ እየወረደበት ነው። አዳራሹን ክፈችልን።»

«ለስንት ቀን ነው?»

«ክዳኑ እስኪጠገን። ቢበዛ አሥራ አምስት ቀን ነው።»

አባቴ ከኋላቸው ቆመው ነበር። የደብሩ ካህን ናቸው፤ ታቦቱን የሚሸከሙትም እሳቸው ናቸው። በሐምሌ የክዳን ሣር ከየት ይመጣል ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የደብር ሽማግሌ ሁሉ ጥምጥሙን አዘንብሎ አንዲት ሴት ሲለምን አይቼ አላውቅም ነበር። ቁልፉን ሰጠኋቸው። በታቦት ላይ እምቢ የሚል ክርስቲያን ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ሐምሌ 10

አልጋዎቹ ዕቃ ቤት ተከመሩ። የስፌት መኪናዎቹ እኔ ቤት። መጋረጃ ተሰቀለ። «ቆዳና ሌጦ» በነጭ ነጠላ ተሸፈነ። ሳቅ መጣብኝ፣ ዋጥኩት።

ሐምሌ 26

አሥራ አምስቱ ቀን አለፈ። ደብሩ እንደተገሸለጠ ነው፤ አንድ ሰው ክዳኑ ላይ አልወጣም።

ዛሬ ልለካ ገብቼ ነበር፤ ለአልጋዎቹ መጋረጃ ላሰፋ። የእኔው ዘበኛ የሻው፣ ደመወዙን የማስፈርምለት የሻው፣ በር ላይ ቆሞ «እትዬ፣ ጫማዎን» አለኝ። አወለቅኩ። ቀጥሎ «ደግሞም እትዬ፣ አለቃ እንዳሉት ሴቶች ከመግባታቸው በፊት ንጽሕናቸውን ቢያስቡ» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ። ጫማዬን በእጄ ይዤ ጭቃው ላይ ቆሜ ቀረሁ።

አለቃ ዘንድ ሄድኩ። ሣር እስከ ኅዳር የለም አለ። ታዲያ አሥራ አምስት ቀን ያልከው ምንድነው? ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ውስጥ አለቃን አንቱ አልልም። በአፌ ስለምል ይበቃዋል።

ነሐሴ 8

አቶ ዋኘው ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ዛሬ አገኘኋቸው።

«ያስገባሽው አንቺ፣ አሁን እኔ ምን ላድርግሽ? እኔ ታቦት አውጣ ብዬ ደብዳቤ ልጻፍ? ሥራሽን በሥነ ሥርዓት ብትሠሪ ኖሮ» ምናምን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸ ነው። አለቃን አይናገሩ፣ እኔን ይደበድባሉ።

አንድ ነገር ግን አገኘሁ። አዳራሹ ሲገጠም የተረፈ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ አለ። ለደብሩ ክዳን ይሰጥ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ የሣር ወሬ ማን ያወራል? ለመገላገል ሲሉ ፈረሙ።

ነሐሴ 24

ቆርቆሮውን እኔ አስጫንኩ። ለአናጢዎቹ ምሳ እኔ ሠራሁ። በጾሙ ሽሮ አቅርቤ፣ ከጾሙ በኋላ በግ አሳርጄ። ደብሩ ተከደነ! እንደዚያ ያለ ክዳን ኖሮት አያውቅም። ጳጉሜን 3 ታቦቱ ወደ መንበሩ ይመለሳል ተብሎ ተነገረ። አለቃ መረቀኝ። ለእንኳየሁ አባት መልእክት ላክሁ፤ ለአዲስ ዓመት ይላኳት ብዬ።

ስመለስ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ሲሄዱ አንዷ «ምነው፣ እንዲህ ያለውን ሸጋ አዳራሽ ለቆ ወደዚያ ጭርንቁስ ማን ይመለሳል?» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ «ታቦት እኮ ነው፣ ሰው መሰለሽ እንዴ እሱ» አለቻት። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ አለፍኳቸው።

እሑድ፣ ጳጉሜን 3

በተራ ልጻፈው፣ አለዚያ አልጽፈውም።

ከቅዳሴ በኋላ ነው። የሩፋኤል ዝናብ ይወርዳል፤ ልጆቹ ጠበል ነው ብለው ራቁታቸውን ይሯሯጣሉ። ሕዝቡ ከአዳራሹ በር ጀምሮ እስከ መንገዱ ሞልቷል። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከፊት ነበርኩ፤ ትናንት ከአይከል የገባችው እንኳየሁ አጠገቤ። አልጋዎቹን ከዕቃ ቤት የሚያወጡ ሰዎች ከኋላ አዘጋጅቻለሁ። ታቦቱ ከወጣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ልንገባ።

አባቴ ታቦቱን ተሸክመው ብቅ አሉ። ጥላው ተዘረጋ፣ ጽናው ወዲያ ወዲህ ይላል። የደረጃው ራስ ላይ ደረሱ። ቆሙ።

ቆሙ። አለቃ ወረቡን ደገመ። አልተንቀሳቀሱም። ፊታቸው አይታይም፣ መጎናጸፊያው ሸፍኗቸዋል። የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከዚያ እልልታ ተነሣ፤ ሕዝቡ ሁሉ ጭቃው ላይ ተደፋ። «ታቦቱ አልሄድም አለ» ተባለ። አለቃ አባቴን ትከሻቸውን ይዞ አዞራቸውና ወደ ውስጥ መለሳቸው። ያን ጊዜ ጥይት ተተኮሰ፣ ከበሮ ተመታ። የእኔን አልጋዎች ያወጡት ሰዎች ዝናብ ላይ ጥለዋቸው መጥተው ያጨበጭባሉ።

ታቦት አልሄድም ያለበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህን የማያውቅ ጎንደር ውስጥ የለም።

ጳጉሜን 4

ጉሮሮዬ ተዘግቷል። ድምፅ የለኝም። ትናንት ዝናብ መትቶኝ ነው።

የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። ሰፈሩ ሁሉ እየላሰ ነው። አልጋዎቹ ዝገዋል።

አባቴ እራት አልበሉም። አላቀረብኩላቸውም።

ጳጉሜን 5

አለቃ ዘንድ ሄድኩ። ድምፄ ስለማይወጣ እንደ ሌባ እያንሾካሾክሁ ተከራከርኩ። አዳራሹ የመንግሥት ንብረት ነው፣ ለልጆች የተሰጠ ነው፣ ደብሩን እኔው አስከድኛለሁ። እሱ በትዕግሥት ሰማኝ። ትዕግሥቱ ከስድብ ይብሳል።

«ልጄ፣ እኔ ምን አደረግሁ? ልመልሰው ወረብ አልወረብሁም? እሱ ወደደው። አንቺስ ምነው ትክጂዋለሽ? ያቺን የመጀመሪያዋን እልልታ ያልሰማ አለ? በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ እልልታ አልሰማሁም።»

ይህ ሰው ለመዋሸት ዓይኑን አያሽም። ትቼው ወጣሁ።

መስከረም 2

አዲስ ዓመት አለፈ። አበባ ይዘው ለመጡ ልጆች ሳንቲም ሰጠሁ፣ ዘፈናቸውን ግን አልሰማሁትም። እንኳየሁ እኔ ቤት ናት፤ አባቷ ማደሪያው ተዘጋጅቷል ብለው ነው የላኳት። ስለ አዳራሹ አትጠይቀኝም። የትምህርት ቤቱን መጋረጃ ትሰፋለች።

ማታ አባቴ ጠሩኝ። ካለፈው እሑድ ጀምሮ አላናገርኳቸውም ነበር። መደባቸው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘርግተዋል። የቀኝ ጉልበታቸው እንደ ቅል አብጧል።

«ሰብለ፣ ጉልበቴ ነው» አሉ።

አልገባኝም ነበር።

«ደረጃው ራስ ላይ ስደርስ ከዳኝ። ትንሽ ላሳርፈው፣ ሁለት እስትንፋስ ያህል ብዬ ቆምሁ። ተሽሎኝ ነበር። እግሬን ላነሣ ስል እልልታው ጀመረ። ቀና ብል ሕዝቡ ተደፍቷል፤ ከደረጃው ሥር እስከ መንገዱ ሰው ነው። በምን ላይ ልረማመድ? በሰው ጀርባ ላይ? ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ አለቃ አዞሩኝ።»

«ምነው ያን ጊዜውን አልተናገሩም?»

«ታቦት ተሸክሜ? ታቦት የተሸከመ ካህን አፍ አለው?»

«ከዚያ በኋላስ?»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጫኑ። «ለማንም አትንገሪ፣ ልጄ። ታቦትን በጉልበቱ አስዋሸ ይሉኛል። ሠላሳ ዓመት ተሸክሜዋለሁ» አሉ።

ጉልበታቸውን አላሸሁላቸውም። መብራቱን ይዤ ወጣሁ። እልል ያሉ ሴቶች አፋቸው ይቆለፍ! አንድ አዛውንት እስትንፋሱን እስኪሰበስብ መጠበቅ ያቅታቸዋል? ማን ጠየቃቸው?

መስከረም 6

ሌሊቱን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ታቦቱ የመረጠው ቦታውን ነው፤ ሳንቃውን አይደለም። አዳራሹ ደግሞ በብሎን የተያያዘ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተፈትቶ መጥቷል፣ አሁንም ይፈታል። ቦታውን ለደብሩ፣ ቤቱን ለልጆቹ። ወንዙ ማዶ የትምህርት ቤቱ መሬት አለ፤ እዚያ እንተክለዋለን።

አቶ ዋኘው ፊታቸው በራ። አብረን አለቃ ዘንድ ሄድን። አለቃ እስከ መጨረሻው ሰምቶ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሳቸው ዞረ።

«አቶ ዋኘው፣ ታቦት ያረፈበትን ሳንቃ አንሥታችሁ ሴት ልጅ ልታስተኙበት ነው?»

አቶ ዋኘው «እኔስ ምን አልሁ» አሉ። ባርኔጣቸውን አድርገው ከእኔ ቀድመው ወጡ።

አሁን የቀረ አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱ በእኔ እጅ አይደለም። በአባቴ አፍ ነው።

መስከረም 9

እራት አቀረብኩላቸው። አልበላም አሉ። እኔም አላባበልኩም። እንኳየሁ ውኃ አሙቃ ጉልበታቸውን ስታሽ አየኋት። ከዚህ ቤት መውጣቷ አይቀርም፤ አባቷ ለመስቀል እንመጣለን ብለው ልከዋል። ይህን አባቴ እየሰሙ ጮክ ብዬ ነገርኳት። ድምፄ ተመልሷል።

እሑድ፣ መስከረም 12

አባቴ ተናገሩ።

ሳይነግሩኝ ነው ያደረጉት። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ፊት ወጡ። «ወገኖቼ፣ የምነግራችሁ አለኝ» አሉ።

«ጳጉሜን ሦስት ዕለት የቆመው ታቦቱ አይደለም። እኔ ነኝ። ጉልበቴ ታሞ ነው የቆምሁት። ታቦቱ አልሄድም አላለም። መንበሩ ተሠርቶለታል፤ ይመለስ። ይህ ቤት የልጆች ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝና ፍረዱብኝ።»

እንዲህ ነው ያሉት፤ አንዲት ቃል አልጨመርሁም። አሁን ይጮሁባቸዋል አልኩ። አሁን ካባቸውን ያስወልቋቸዋል። ወደ ፊት ልሄድ፣ አጠገባቸው ልቆም ሰው መግፋት ጀመርኩ። እንዲህ ያሉ አባት ናቸው ያሉኝ፤ እኔ ደግሞ እራት እየከለከልኳቸው ነበር የከረምኩት።

የጮኸ የለም። አለቃ ራሱን ነቀነቀና «አያችሁ?» አለ። «ተአምር የተደረገበት ሰው ክብሩን ለራሱ አይወስድም። ጉልበቴ ነው ይላል። ይህ ነው ትሕትና።»

ከፊት የነበሩ አንዲት ባልቴት እየዳሁ ሄደው የአባቴን ጉልበት ሳሙ። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ወንዶቹ። አባቴ «ተዉ፣ እባካችሁ፣ ያመኛል» ይላሉ፤ ሕዝቡ ያለቅሳል። በእልልታው መሐል የሳቸው ድምፅ አይሰማም። እኔ ደርሼ ክንዳቸውን ስይዝ የእኔንም እጅ ይስማሉ።

መስከረም 15

ቤታችን ደጅ ላይ ሰው ተሰልፏል። ከትክል ድንጋይ ድረስ። ሽባ በቃሬዛ መጥቷል። አባቴ በር ዝጉ አሉ፤ ብንዘጋ መዝጊያውን ይስማሉ። ጉልበታቸው ከመነካካት ብዛት አመርቅዟል። ሐኪም ቤት ልውሰዳቸው ብል ሕዝቡ መንገድ ዘግቶ አያሳልፈንም።

አለቃ የደብር ጠባቂ ልኮልናል፤ ሰልፍ እንዲያስይዝ። የሻው ነው። አዲስ ካኪ ለብሷል።

ንዴት ደክሞኝ አያውቅም ነበር።

መስከረም 18

ትናንት መስቀል ነበር። ዛሬ ጠዋት ግራዝማች አላምረው ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ስለ አዳራሹ ለመናገር አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

«ወይዘሮ ሰብለ፣ ቃልሽን አጠፍሽ አልልሽም። አንቺ ፈቅደሽ ነበር። ታቦቱ አልፈቀደም። ታቦት የነገረንን እኛ ምን ብለን እንሽረዋለን? ለሰውየው ትናንት ቃል ሰጠሁት።»

«ጉልበታቸው ነው፣ ግራዝማች። ራሳቸው በአደባባይ ተናገሩ።»

«ሰማሁ እንጂ። የጥንት አባቶች እንዲህ ነበሩ። እንዲያውም ልጅቱን እንዲባርኩልን ብዬ ነው ባለቤቴንም ይዤ የመጣሁት።»

ወደ አባቴ ገባን። አባቴ ቀጥ ብለው አዩዋቸውና «ግራዝማች፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ልጅቱን አይስጧት፣ ያስተምሯት» አሉ። ግራዝማች ጎንበስ ብለው «አሜን፣ እንዳሉት፣ ከልጅ ልጇ ጋር ያድርስልን» አሉ። ምን እንደተባሉ የሰሙ አይመስሉም።

እንኳየሁ ተንበረከከች። አባቴ ጉልበታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ጋቢውን ሳመች። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ዕቃዋን ስታስር አጠገቧ ቆምኩ። ከእኔ ጋር ትቀሪያለሽ፣ አባትሽን እከሳለሁ፣ አዲስ አበባ ድረስ እሄዳለሁ አልኳት። ለአለቃ ያልኩትን፣ ለአቶ ዋኘው ያልኩትን፣ እልል ላሉት ሴቶች ያልኩትን ሁሉ አወራሁላት። ጨርሳ እስክታስር አላቋረጠችኝም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣኝ፣ ትምህርት እንደሚጠይቅ ልጅ ሆና ነው የተናገረችው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አጠገብዎ ነበርሁ። እርስዎ ቀድመው እልል ሲሉ ነው እኔም ያልሁት።»

እናቷ ከውጭ ጠሯት። በቅሎው ተጭኗል አሏት። እሷም ሄደች።